ኤች ኢንዴክሱ 23 የሆነ አድቫይዘር ወይስ 6 የሆነ? (ኒውሮሳይንስ፣ ባሕር ዳር)

ጣና_ዳር | ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኮርስ ጨርሼ ቴሲስ ልጀምር ነው። ከድሮም የምመኘው አንጎልና ነርቭ ላይ መሥራት ነበር። ደስ የሚለው ሁለት መምህራን ሊያማክሩኝ ፈቃደኛ ሆነዋል። ስማቸውን አልጠራም። እናንተም ማን ይሆኑ ብላችሁ እንዳትገምቱ አደራ።

ትናንት ማታ ጎግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች የሚፈለጉበት ገጽ) ከፍቼ ሁለቱንም አየኋቸው። የመጀመሪያው ዶክተር ኤች ኢንዴክስ 23 ነው። ሳይቴሽናቸው፣ ማለትም ሥራቸው በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት፣ በሺዎች ይቆጠራል። የሁለተኛዋ ዶክተር 6 ነው። ሳይቴሽናቸው ተደምሮ 308። የዶርም ልጆችን ሳማክራቸው «ይሄማ ምኑ ያጠያይቃል?» አሉኝ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሁለተኛዋ የሚሠሩት ጓያ በልተው እግራቸው የተያዘ ሰዎች ላይ ነው። አንዱን አርቲክላቸውን ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ቀና ስል መሽቷል። የመጀመሪያውን ዶክተር ሥራዎችም ከፍቼ ነበር። ብዙዎቹ ላይ ግን የእሳቸውን ስም ለማግኘት ራሱ ብዙ መፈለግ ነበረብኝ። የጸሐፊዎቹ ዝርዝር አያልቅም።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ይሄ ቁጥር የሚለካው ምንድን ነው? ሰውን በሱ መምረጥስ ልክ ነው?

ፔዳ_ካፌ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:41

እህቴ፣ 23ቱን ያዢ። ይህን የምልሽ ስላየሁት ነው።

ውጭ ለፒኤችዲ ስታመለክቺ ደብዳቤ የጻፈልሽ ሰው ማን እንደሆነ ያያሉ። ስሙን ጎግል ያደርጉታል። ቁጥሩ እዚያው ፊት ለፊት ተጽፏል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አመልክቼ አልተሳካልኝም። በሦስተኛው ዓመት ስማቸው የታወቀ ሰው ጻፉልኝ፤ በወሩ ኢንተርቪው ተጠራሁ። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ግን እኔ ያየሁት ይሄ ነው።

የጓያ ጉዳይ ልብ ይነካል፣ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ቦታሽን ያዢ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ትሠሪያለሽ።

ስቶክሆልም_ብርድ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:15

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ ሆኜ የአንጎል ምስል ላይ ፒኤችዲ እሠራለሁ። ከፔዳ_ካፌ ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ ቁጥሩን የሚያይ ሰው አለ። ግን የማያውቁትን ቁጥር ይዞ መወሰን አደጋ ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ኤች ኢንዴክስን ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ የሚያስተምር የፊዚክስ ሰው ነው። ዘመኑ 2005 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሐሳቡ ቀላል ነው። የአንድን ሰው አርቲክሎች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረሽ ወደ ታች ደርድሪ። ከላይ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ ቁጠሪ። የተራ ቁጥሩ ከሳይቴሽኑ እስካልበለጠ ድረስ ቀጥዪ። ይህን ያሟላው የመጨረሻው ተራ ቁጥር ኤች ነው። ኤች 6 ማለት ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 አርቲክሎች አሉት ማለት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ 7 አርቲክል ብቻ ያለው ሰው የፈለገውን ያህል ታላቅ ሥራ ቢሠራ ኤቹ ከ7 አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ሰውየው ሥራ ቢያቆምም የድሮዎቹ መጠቀሳቸውን ስለሚቀጥሉ ያድጋል። ስለዚህ የ20 ዓመት ተመራማሪን ከ6 ዓመት ተመራማሪ ጋር በኤች ማወዳደር አያስኬድም። ሂርሽ ራሱም አንድ ቁጥር ስለ ሰው ግምታዊ ነገር ብቻ እንደሚሰጥ እዚያው ጽሑፉ ላይ ተናግሯል።

የሁለተኛዋን ዶክተር ዝርዝር እዚህ አስቀምጪልን፤ ርዕሱን ትተሽ ሳይቴሽኑን ብቻ።

ጣና_ዳር | ማክሰኞ፣ ማታ 4:22

አመሰግናለሁ ወንድሜ። 12 አርቲክል አላቸው። 210፣ 41፣ 18፣ 11፣ 9፣ 7፣ 6፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0፣ 0።

210 የተጠቀሰው ላይ ከብዙ ሰዎች አንዷ ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ላይ ስማቸው መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ነው።

ስቶክሆልም_ብርድ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:40

ጥሩ። አሁን አብረን እንይ። ስድስተኛው 7 ጊዜ ተጠቅሷል፣ 7 ከ6 ይበልጣል፣ እሺ። ሰባተኛው 6 ጊዜ ነው፣ 6 ከ7 ያንሳል፣ እዚህ ላይ እንቆማለን። ኤች 6።

አሁን 210 ጊዜ የተጠቀሰውን አውጪው። ጠቅላላው ከ308 ወደ 98 ይወርዳል። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ከአንድ ወረቀት ብቻ የመጣ ነበር ማለት ነው። ኤቹስ? እንደገና ቁጠሪ፦ 41፣ 18፣ 11፣ 9፣ 7፣ 6። ስድስተኛው 6 ነው። አሁንም 6!

አየሽ? የሴትየዋ 6 በራሳቸው እጅ የመጣ 6 ነው። ያ ትልቁ ወረቀት ቢኖርም ባይኖርም አይለወጥም። ይህን ፈተና የመጀመሪያው ዶክተር ላይም ሞክሪው። የብዙ ሰው ስም ያለባቸውን አውጪና ስንት እንደሚቀር እዪ። ለመፍረድ ሳይሆን የምታነጻጽሪውን ነገር ለማወቅ ነው።

ቤዛዊት_ላይብረሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

ላይብረሪ ነው የምሠራው። ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን የእኛን አገር ሰው በተመለከተ አንድ ትልቅ ነገር ተዘሏል። ስም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስምና የአባት ስም ነው ያለን። የውጭ ጆርናል ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘውና የራሳችንን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። «ተ. አበበ» ስንት ሺህ ሰው ይሆናል? ተስፋዬ፣ ትዕግስት፣ ታደሰ፣ ተዋበች፣ ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛ አጻጻፉ አለ። ፀሐይን በአምስት ዓይነት ጽፈው ያመጡልኝ ሰዎች አሉ፤ አንድ ሰው በራሱ ሦስት አርቲክል ላይ ሦስት ዓይነት ስም። የመታወቂያ፣ የፓስፖርትና የዲግሪ ስማቸው የማይገጥም ብዙ ናቸው።

ውጤቱ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። የአንዳንዱ ሥራ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ ይቆጠራል። የሌላው ገጽ ላይ ደግሞ የማያውቀው ሰው ሥራ ይገባል። ጎግል ስኮላር ገጹን በራሱ ሲሞላ የአንድ ሰው ነው ብሎ የገመተውን ያስገባል። ባለቤቱ ካላጸዳው እዚያው ይቀራል። ባለፈው አንድ መምህር ገጻቸውን ሳጸዳላቸው የአፈር ጥናትና የማህፀን ካንሰር ጥናት አብሮ ተቀምጦ አገኘሁ። ሰውየው የጥርስ ሐኪም ናቸው። አላዩትም እንጂ አልዋሹም።

ስለዚህ እህቴ፣ የ23ቱንም የ6ቱንም ገጽ መጀመሪያ ርዕስ በርዕስ እዪ። ከዚያ ኦርኪድ ቁጥር እንዳላቸው ተመልከቺ። 16 አኃዝ ያለው፣ ለአንድ ተመራማሪ አንድ ብቻ የሚሰጥ መለያ ነው። በፈረንጅ ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው። አንቺም ዛሬውኑ አውጪ። የመጀመሪያ አርቲክልሽን ሳታወጪ የስምሽን አጻጻፍ ወስኚ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክሽን አትቀይሪው። ስለዚህ ነገር በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች እለፈልፋለሁ። የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

ፔዳ_ካፌ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:35

እትዬ፣ ይሄ እኔን ነው የነካኝ። ሁለት አርቲክል አለኝ፣ በሁለት ስም። ዛሬ ከሰዓት ቢሮዎ ብመጣ ይረዱኛል?

ቤዛዊት_ላይብረሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:37

ና። ፓስፖርት ካለህ ይዘህ ና።

ስቶክሆልም_ብርድ | ረቡዕ፣ ቀን 7:05

ትናንት ያልጨረስኩት አለ።

አንቺ የምትገቢበት ዘርፍ ውስጥ ሳይቴሽን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። በሳይንስ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ወረቀት ስለ አንጎልም ስለ ካንሰርም አይደለም። በ1951 የወጣ፣ ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ የላብ ዘዴ ነው፣ የሎውሪ ዘዴ የሚባለው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ለምን? ፕሮቲን የለካ ሁሉ ስለሚጠቅሰው። በእኛ ዘርፍም እንደዚሁ ነው። ካርል ፍሪስተን የሚባል የለንደን ሳይንቲስት አለ፤ ከኒውሮሳይንስ ሰዎች ሁሉ ብዙ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ስሙ እንዲህ ከገነነባቸው ነገሮች ዋናው የአንጎል ምስልን በስታቲስቲክስ የሚተነትን መሣሪያ መሥራቱ ነው። ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት፣ ዓለም ሁሉ ጠቀሰው። የሚገባው ነው። ግን እሱ የጠቀመው አንድ ነገር ነው፤ የጓያ በሽተኛን ነርቭ የሚያጠና ሰው የሚጠቅመው ሌላ ነው። አንዱን በሌላው መመዘን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ መጠቀስ እውነት መሆን አይደለም። በ2006 ኔቸር የሚባለው ጆርናል ላይ የወጣ ታዋቂ የአልዛይመር ጥናት ነበር። ከ2000 ጊዜ በላይ ተጠቀሰ። ምስሎቹ ላይ ጥያቄ ተነሣና በ2024 ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ከመዝገብ አስወጡት። ያ ሁሉ ሳይቴሽን አሁንም እዚያው አለ፤ ቁጥሩ ለምን እንደተጠቀሰ አይነግርሽም።

ሦስተኛ፣ ይህን በተለይ አስታውሺ። በ2013 ብዙ የኒውሮሳይንስ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር። የናሙናው ማነስ ምን ያህል ያዳክማቸዋል ብለው ሲያሰሉ መካከለኛው አቅም 21 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ማለትም እውነተኛ ውጤት እያለ ከአምስት አራት ጊዜ ሳያገኘው የሚቀር ጥናት ነው ብዙ ያለው። ስለዚህ የአድቫይዘርሽን ሥራ ስታነቢ ከሳይቴሽኑ በፊት ናሙናውን እዪ። ስንት ሰው ለካች? እንዴት መረጠቻቸው? ከማን ጋር አወዳደረቻቸው?

ጣና_ዳር | ረቡዕ፣ ቀን 8:30

አሁን ሄጄ አየሁት። በዋናው ሥራቸው ላይ ቤት ለቤት ሄደው ነው ሰው የመዘገቡት። በየቤቱ ጤነኛውንም በሽተኛውንም መርምረዋል። ሆስፒታል የመጣውን ብቻ አልያዙም። ይህን ስትለኝ ነው የገባኝ።

ጡረተኛው_መምህር | ረቡዕ፣ ማታ 1:50

ልጆች፣ ሳነባችሁ ዋልኩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ገና የፔዳጎጂ አካዳሚ እያለ ጀምሮ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ባዮሎጂ ነው። ስለ ነርቭ ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣውን ሰው ላንሳላችሁ።

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ስፔናዊ ነው። ነርቭ አንድ የተያያዘ መረብ ሳይሆን የተለያዩ ሴሎች መሆናቸውን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው። ያን ጊዜ የሳይንስ ቋንቋ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ነበር። በስፓኒሽ የተጻፈ ማን ያነባል? በፈረንጅ በ1888 በራሱ ገንዘብ ጆርናል አቋቋመ። 60 ቅጂ ብቻ አሳትሞ አብዛኛውን ለውጭ አገር ሊቃውንት ላከ። ምላሹ እምብዛም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ማይክሮስኮፑንና ናሙናዎቹን ተሸክሞ በርሊን ወደተደረገ የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ስብሰባ ሄደ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ኑ እዩ» አለ። አልበርት ፎን ኮሊከር የሚባሉ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ አዛውንት ጎንበስ ብለው አዩ። አመኑትም። በ1906 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፣ ከካሚሎ ጎልጂ ጋር ተካፍሎ። ጎልጂ ደግሞ የመረቡን ሐሳብ ይዞ የሚከራከረው ወገን ነበር።

በ1888 የካሃልን ኤች ኢንዴክስ ብታሰሉት ኖሮ ስንት ይወጣ ነበር?

ልጄ፣ ይህን የምነግርሽ ቁጥር አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሥራው ጥሩ ቢሆንም የሚያነበው ሰው ጋ ካልደረሰ ያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ካሃል ሻንጣውን አንሥቶ ባይሄድ ማን ያውቀው ነበር? እኛ ጋ ስንት ጥሩ ቴሲስ አቧራ ለብሶ እንደቀረ አውቃለሁ፤ በእጄ ያረምኳቸው ናቸው። ስለዚህ የዶክተሯን ሥራ ከወደድሽው፣ አንቺ ስትሠሪ እንዲነበብ አድርገሽ ሥሪው።

ጣና_ዳር | ረቡዕ፣ ማታ 2:05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረንም።

የፎገራ_ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 3:30

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ክር ልኮልኝ ነው የገባሁት።

ፎገራ ነው የተወለድኩት። አጎቴ ጓያ የሰበረው ሰው ነው። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው፣ «ጓያ ሰበረው»። ወጣት እያለ፣ እህል ባነሰበት ክረምት ቤተሰቡ ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ በላ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። ጭንቅላቱ ግን ምንም አልሆነም። እንደሱ የሚቀልድ፣ እንደሱ ግጥም የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ፈረስ ይጋልብ የነበረ ሰው ነው።

ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ሌላው ሰብል ይጠፋል። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ የሚበቅለው ጓያ ነው። ድርቅም ይችላል። አሁን ፎገራ በሩዝ ነው የሚታወቀው፣ ግን ሩዙ ከተነሣ በኋላ ዛሬም ጓያ የሚዘራ አለ። ሰው መርዝ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚበላው። ሌላ ስለሌለው ነው።

እኔን የገረመኝ፣ የእኛን ቤት ታሪክ የሚያጠና ሰው 6 ተብሎ መጠራቱ ነው።

ስቶክሆልም_ብርድ | ረቡዕ፣ ማታ 3:52

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ለአጎትህ ክብር ይድረሳቸው።

የአጎትህ በሽታ በሳይንሱ ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ከግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል፤ ግሉታሜት አንጎል ውስጥ አንዱ ሴል ሌላውን የሚቀሰቅስበት መልእክተኛ ነው። ኦዳፕ የግሉታሜትን በር ያንኳኳል፣ አንዴ ሳይሆን ያለማቋረጥ። የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ይጎዳሉ። ለዚህ ነው እግር ተገትሮ ጭንቅላት ደህና የሚሆነው። የተጎዳው አይመለስም፣ መድኃኒት የለውም። ይህ ከትልልቅ የኒውሮሳይንስ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ስለ ሌሎች የነርቭ በሽታዎችም ብዙ ያስተምራል።

ታዲያ ለምን አይጠቀስም? በሽታው ሀብታም አገር ውስጥ የለማ! የአልዛይመር ጥናት የሚያነብና የሚጠቅስ በሺዎች የሚቆጠር ላብ አለ። ጓያን የሚያጠና ስንት ነው? ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ባንግላዴሽ፣ ጥቂት አውሮፓ ውስጥ። የሚጠቅስሽ ሰው ቁጥር መጀመሪያ የሚወሰነው በዘርፉ ስፋት ነው። ለዚህ ነው በዘርፍና በዓመት የተስተካከለ መለኪያ የመጣው፤ በዓለም አማካይ ልክ የተጠቀሰ 1 ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ከአማካይ በላይ ነው። በዚህ ቢለካ የ6ቷ ዶክተር ከ23ቱ ሊበልጡ ይችላሉ።

ቤዛዊት_ላይብረሪ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1:55

በዚህ ርዕስ ላይ ልታነቢያቸው የሚገቡ አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ በአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ናቸው፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ያለውን የጓያ ሽባነት በፈረንጅ በ1990 አሳተሙ። ቡታጅራ ላይ የሠሩት የሚጥል በሽታ ጥናትም በዚያው ዘመን ነው። በ1999 ደግሞ ደላንታና ዳውንት ላይ የደረሰው የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ወጣ።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን በ2003 እዚያው ላንሴት ላይ የወጣው ነው። የኢትዮጵያና የቤልጅየም ተመራማሪዎች ናቸው። የጠየቁት ጥያቄ የእናቶቻችን ጥያቄ ነው፤ ጓያ በምን መልክ ሲበላ ነው የሚጎዳው? ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ። ቦክቶ የተጋገረው እንደዚያ አልሆነም። ቅመም ገብቶበት በወጥ መልክ ሲበላ፣ ከሌላ እህልም ጋር ሲደባለቅ አደጋው ይቀንሳል። ስለዚህ ርዳታ እህል ድርቁ ገና ሲጀምር ይድረስ አሉ። ይህን ወረቀት ያነበበ ሰው ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብሎ አይጠይቅም፣ ስንት ሰው እግር አዳነ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ሁሉንም በሂናሪ በኩል በነፃ ልታገኚያቸው ትችያለሽ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ እንደኛ ላሉ አገሮች የከፈተው ነው። ካልሆነልሽ ወደኔ ነይ።

ዘንዘልማ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:20

ግብርና ነኝ። አጭር ላክል። ኦዳፑ ዝቅ ያለ የጓያ ዝርያ ለማውጣት ብዙ ተሠርቷል፤ ዋሴ የሚባል ዝርያ አገራችን ውስጥ ተለቋል። ግን አፈርና ድርቅ የኦዳፑን መጠን ይቀይሩታል፤ ችግር በጠናበት ዓመት ከፍ ይላል። የነርቭ ሰውና የሰብል ሰው አብረው ካልሠሩ አይሆንም። ቴሲስሽ ላይ የዘር ናሙና መለካት ከፈለግሽ እንነጋገር።

ፔዳ_ካፌ | ሐሙስ፣ ቀን 6:45

የመጀመሪያ አስተያየቴን ልቀይር። ደብዳቤ የሚያነበው ሰው ቁጥር ያያል ያልኩት አሁንም እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የፎገራን ልጅ ሳነብ ሌላ ነገር ገባኝ። ሁለት ዓመት የማትወጂውን ሥራ ሠርተሽ የሚጻፍልሽ ደብዳቤ፣ ከልብሽ ሠርተሽ ከሚጻፍልሽ ጋር እኩል አይሆንም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ማንንም ብትመርጪ፣ ስታሳትሚ ተጠንቀቂ። «የተከበሩ ሊቅ፣ ድንቅ ሥራዎን እንሻለን» የሚል ኢሜይል ይመጣልሻል። እኔ የመጀመሪያ አርቲክሌን እንደዚያ ላለ ጆርናል ላክሁ። በአራት ቀን ተቀበሉኝ። ሪቪወር፣ ማለትም ሥራውን የሚገመግም ሰው፣ አንድ አስተያየት እንኳ አልላከልኝም። ከቤተሰብ ተበድሬ ከፈልኩ። በዓመቱ ዌብሳይቱ ጠፋ፣ አርቲክሌም አብሮ። ሌላ ቦታ እንዳላሳትመው ደግሞ ታትሟል ይባላል። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ቤዛዊት_ላይብረሪ | ሐሙስ፣ ቀን 7:00

አይዞህ። ትናንት ለምን ይህንንም አልነገርከኝም? እናየዋለን።

ለሁላችሁም፦ ከመላካችሁ በፊት ጆርናሉን አሳዩኝ። ብዙ እውነተኛ ጆርናሎች ከኛ አገር ለሚመጣ ሥራ ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን ስትልኩ መጠየቅ አለባችሁ። ኢምፓክት ፋክተር ብለው የሚለጥፉትንም ዝም ብላችሁ አትመኑ። ትክክለኛው የሚሰላው ባለፉት ሁለት ዓመታት ጆርናሉ ላይ የወጡት ሥራዎች በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ተጠቀሱ ተብሎ፣ ለብዛታቸው ተካፍሎ ነው። የጆርናሉ ቁጥር እንጂ የእናንተ አርቲክል ቁጥር አይደለም። በጣት የሚቆጠሩ ወረቀቶች ብዙ ይጠቀሱና ሌላውን ሁሉ ይዘውት ይወጣሉ። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችና አዘጋጆች ሰውን በጆርናሉ ቁጥር አትመዝኑ የሚል መግለጫ ያወጡት ለዚህ ነው። ዶራ ይባላል።

ጣና_ዳር | ቅዳሜ፣ ማታ 2:15

ሁለት ቀን የጠፋሁት ሰዎቹን ሳናግር ነው።

አርብ ጠዋት የመጀመሪያውን ዶክተር ቢሯቸው ሄጄ አገኘኋቸው። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ገጽዎን አይቼ ነበር፣ የብዙ ሰው ስም ያለባቸውን ሳወጣ ምን እንደሚቀር ለማየት ሞከርኩ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ሳቡልኝና ገጹን ራሳቸው ከፈቱት። ብዙዎቹ የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ናቸው፤ ሲያትል ያለ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሚመራው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሳተፉበት። «እዚህ ውስጥ የኔ ድርሻ የአገራችን ግምት ከመሬት ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ማየት ነው። የሚያስፈልግ ሥራ ነው፣ አልተውም» አሉኝ። ከዚያ አራት አርቲክል ለይተው «እነዚህን በእጄ ነው የጻፍኳቸው። እኔን ማወቅ ከፈለግሽ እነዚህን አንብቢ» አሉ። ሦስቱ ከ20 ጊዜ በታች የተጠቀሱ ናቸው።

ከሰዓት ሁለተኛዋን ዶክተር አገኘሁ። ሽምብጥ አካባቢ ሐይቁ ዳር ሻይ ጠጣን። እምቦጩ ዳሩን ይዞት ነበር፣ አንድ ደንገል የጫነ ታንኳ በመካከሉ እየገፋ ሲያልፍ እያየን ነው የተጨዋወትነው። ስለ ኤች ኢንዴክስ አንድም ቃል አልተነሣም። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው። በእግር ስንት ሰዓት ትሄጃለሽ? ታካሚ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ? ስታቲስቲክስ የት ድረስ ታውቂያለሽ? በሦስተኛው ላይ ደካማ መሆኔን ነገርኳቸው። «ለሱ እሳቸው አሉልሽ» ብለው የመጀመሪያውን ዶክተር ስም ጠሩ። ለካ ጓደኛሞች ናቸው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ዋና አድቫይዘሬ የ6ቷ ዶክተር ናቸው። የሚቀጥለው ሐሙስ ወረታ ወርደን የድሮ ታካሚዎቻቸውን እንጎበኛለን፤ ከመጀመሪያው ጥናት በኋላ ምን ላይ እንዳሉ ለማየት። ቤዛዊት፣ ኦርኪዴን አውጥቻለሁ። ስሜን አባቴ በሚጽፈው መንገድ ጻፍኩት።

የፎገራ_ልጅ፣ አጎትህን ማግኘት እችል ይሆን? ፈቃዳቸው ከሆነ ብቻ። ለጥናቱም ባይሆን፣ ሰላም ልላቸው እፈልጋለሁ።

የፎገራ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:40

ደውዬ ጠየቅሁት። «ትምጣ፣ ግን ቁስሌን ብቻ አይታ እንዳትሄድ፣ ቡና ጠጥታ ነው የምትሄደው» አለ። ስለ ፈረሱ መጠየቅ አትርሺ፤ እሱን ሲያወራ ደስ ይለዋል። ወረታ ስትወርጂ ደውዪልኝ፣ ታናሽ ወንድሜ መንገድ ላይ ይቀበላችኋል። ከዋናው መንገድ ትንሽ በእግር ነው፣ ጭቃም አለ፤ ጫማሽን አስቢበት።